ችግኝ የሚቆጠረው መቼ ነው?

ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለግል ችግኝ አፍዪዎችና በመናፈሻ ሥራ ለተሰማሩ ተቋራጮች የተደረገ ንግግር



በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ ትንሽ ማመንታቴን መሸሸግ አልፈልግም። እናንተ በመደብ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ ባለሙያዎች ናችሁ። እኔ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ በመንግሥት የማስታወቂያ ሥራ ላይ ተሰማርቼ፣ እናንተ የሠራችሁትን በቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዘር እንዴት እንደሚነከር ወይም ሥር እንዴት እንደሚገረዝ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ የሙያችሁን ያለፈ ታሪክና የዛሬ ችግር ከድርቅና ከሠፈራ ጋር አያይዤ ለማሳየት፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጥያቄ ላይ እንደሚያርፍ ለመግለጽ ነው። ጥያቄውም «ችግኝ የሚቆጠረው መቼ ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የተወለድኩት በደቡብ ወሎ ደጋማ ስፍራ ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ነፍስ ካወቅሁ በኋላ የማስታውሰው እናቴ በወንዝ ዳር በነበረ የችግኝ ጣቢያ ለምግብ ሥራ ትሠራ እንደነበር ነው። የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ሴቶቹ በጥላ ሥር ተቀምጠው በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ይሞላሉ፣ የግራር ዘር ከእሳት በወረደ ውኃ ይነክራሉ፣ ጧትና ማታ ከወንዙ በእንስራ ውኃ እያመላለሱ ያጠጣሉ። ማታ የሥራው ተቆጣጣሪ መጥቶ የተሞላውን ከረጢት ይቆጥራል። እናቴ ከቆጠራው በኋላ የሚሆነውን በትኩረት ትከታተል ነበር። «ይኸ ሁሉ ወዴት ይሄድ ይሆን?» ትል የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

በአገራችን ችግኝ አፍልቶ ማከፋፈል በሰፊው የታወቀው ከአዲስ አበባ ከተማ ዕድገት ጋር ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነዋሪው እየበዛ፣ በአካባቢው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ደግሞ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ሄደ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ የደረሱት በዋነኛነት በእንጨት እጦት ምክንያት ነበር። ይህን የለወጠው በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አገር በማስገባት ረገድ ስሙ የሚጠቀሰው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ለማገር የሚደርስ በመሆኑ፣ ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፣ አንድን ከተማ ከመፍረስ ያዳነው የችግኝ ሥራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ባሕር ዛፍን የተከለው ሰው ለራሱ ጓሮ የተከለ መሆኑ ነው። ተካዩ የራሱ አጥር፣ የራሱ ማገዶና የራሱ ገንዘብ ስለ ነበረ ማንም ሳያዘው ጠበቀው። ቆጣሪ አላስፈለገውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የድርቅ ዘመን ሙያውን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሀብ የተራቆተ ተራራ፣ የደረቀ ምንጭና ባዶ ጎተራ አንድ ነገር መሆናቸውን ለሁሉም ግልጽ አደረገ። የዕርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ የገበሬ ማኅበራት ከተደራጁ በኋላም፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና ሌሎች ለጋሾች በሚሰጡት እህል ከፍተኛ የአፈርና የውኃ ጥበቃ ዘመቻ ተጀመረ። እርከን ተሠራ፣ ገደላማ ቦታ ተከለለ፣ በየወረዳውም የችግኝ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከእነዚያ ጣቢያዎች መካከል በአንዱ ነበር እናቴ የምትሠራው።

ያ ዘመቻ ያስገኘውን ውጤት መካድ ተገቢ አይደለም። በረሀብ ጊዜ ሰው በሠራው እንጂ በልመና እንዳይኖር አድርጓል። ዛሬም በወሎና በትግራይ ተራሮች ላይ የሚታዩ ብዙ እርከኖች የዚያ ጊዜ ላብ ናቸው። ብዙ የመንደር ሰዎችም ችግኝ የማፍላትን ጥበብ የተማሩት በእነዚያ ጣቢያዎች ነው።

ይሁን እንጂ በአሠራሩ ውስጥ አንድ ጉድለት ነበረ። ስንዴው የሚሰፈረው በተሞላው ከረጢትና በተቆፈረው ጉድጓድ ልክ ነበር። የክረምቱ ተከላ ሲያበቃ ሒሳቡም ይዘጋል። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲያቋርጥ፣ ችግኙ ከብት ቢግጠው ወይም ፀሐይ ቢያደርቀው ከማንም ስንዴ ላይ የሚቀነስ ነገር አልነበረም። በተጨማሪም የተተከለበት ተራራ ቀድሞ የመንደሩ የግጦሽ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ዛፉ ሲያድግ ቆርጦ የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ ለገበሬው በግልጽ አልተነገረውም። ገበሬው የመንግሥት ዛፍ ነው አለ፤ መንግሥት የሕዝብ ነው አለ። ዛፉ በሁለቱ መካከል ባለቤት አጣ።

ውጤቱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። በግንቦት ወር የነበረው መንግሥት ወድቆ የገበሬ ማኅበራቱ ሥልጣን ሲላላ፣ በብዙ ቦታ የጋራ ደኖች በሳምንታት ውስጥ ተቆረጡ። እኔ የዚያን ጊዜ ልጅ ብሆንም በጀርባና በአህያ እየተጫነ ሲወርድ የነበረውን እንጨት በዓይኔ አይቻለሁ። ከቆረጡት ውስጥ ችግኙን ያፈሉና የተከሉ ሰዎችም ነበሩበት። ይህን የምናገረው ለወቀሳ አይደለም። ሰው የእኔ ነው ብሎ ያላመነበትን ነገር እንዲጠብቅ መጠበቅ ከባድ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በዚያው ጊዜ በየሰው ጓሮ የነበረ ባሕር ዛፍ ግን ቆሞ ቀርቷል።

ክቡራትና ክቡራን፣

የሠፈራውም ታሪክ ከችግኝ ሥራ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ እንዲሠፍር ተደረገ። ከሠፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሳይፈልጉ የሄዱ እንደነበሩ፣ በወባና በሌላ በሽታም ብዙ ሕይወት እንደ ጠፋ ዛሬ በግልጽ ይታወቃል። ለእርሻና ለመንደር ሲባልም ሰፊ ጫካ ተመነጠረ። ደጋውን ያራቆተው የእንጨት ችግር በቆላው እንደገና እንዲጀምር መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ከደጋ የመጣ ሠፋሪ የሚያውቀው ባሕር ዛፍንና ጽድን እንጂ የቆላውን ዛፍ ጠባይ አልነበረም። ጥላና ፍራፍሬ የሚሰጥ፣ ሙቀት የሚችል ዛፍ አስፈለገው። ስለዚህም በቆላው መንደሮች ኒምና ማንጎ የመሳሰሉት ዛፎች ቦታ አገኙ፤ በተለይ አሶሳ ዛሬ በማንጎዋ የታወቀች ናት። ቤተሰብ በየደጃፉ የተከላት ማንጎ የምግብም የገቢም ምንጭ ሆነች።

ይሁንና በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ሎኮ በተባለ ቦታ ነጭ የማንጎ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታየ። ተመራማሪዎች ተባዩ ከውጭ ከገቡ የማንጎ ችግኞች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይገምታሉ። ይህች ጥቃቅን ነፍሳት ከቅጠልና ከፍሬ ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን ትመጣለች፤ ፍሬው ይጎሳቆላል፣ ገበያም ያጣል። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ የሠፈራ መንደሮች ወዳሉባቸው ቦታዎች ጭምር ተዛምታለች። አንድ ችግኝ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር ይዞት የሚሄደው ቅጠልና ሥር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ችግኝን በትክክል የሚያውቅ፣ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይና «ይህን አልሸጥም» ለማለት የሚደፍር ባለሙያ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ያለ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ሁኔታ ልለፍ።

ዛሬ የችግኝ ሥራ ቀድሞ ከነበረው በእጅጉ ሰፍቷል። ከመንግሥት ጣቢያዎች ሌላ፣ የግል ችግኝ አፍዪዎች፣ የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች፣ በየከተማው መንገድ ዳር አበባና የጌጥ ተክል የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ መናፈሻ የሚሠሩ ተቋራጮች በዚህ ሙያ ይተዳደራሉ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚጠየቀው የችግኝ ብዛት በቢሊዮን የሚቆጠር ሆኗል። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የመንገድ ዳር ሣር፣ ዘንባባና አበባ ፈላጊው በዝቷል። ሥራ አለ፣ ገበያም አለ። ታዲያ ሙያተኛው ስለ ምን ያማርራል? ከብዙዎቻችሁ ጋር በተገናኘሁበት ጊዜ የነገራችሁኝን በአጭሩ ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው ችግር የጊዜ ችግር ነው። ባሕር ዛፍ ከተዘራ በአራት ወይም በአምስት ወር ለተከላ ይደርሳል። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ግን ዓመት ገደማ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በመደብ ላይ መቆየት አለባቸው። የዝግባ ዘር ደግሞ ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ካልተዘራ ነፍሱን ያጣል። የሥራ ዕቅዱና በጀቱ ጸድቆ ትእዛዙ ለችግኝ አፍዪው የሚደርሰው በየካቲት ወይም በመጋቢት ከሆነ፣ እስከ ሰኔ ሊያደርስ የሚችለው ፈጣኖቹን ብቻ ነው። ከዚያም «ለምን አገር በቀል ዛፍ አላፈላችሁም?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የተጻፈው በትእዛዙ ቀን ላይ ነው።

ሁለተኛው የዘር ችግር ነው። ጥሩ ዘር የሚገኘው ቀጥ ካለ፣ ጤነኛ ከሆነና ለአካለ መጠን ከደረሰ እናት ዛፍ ነው፤ ያውም ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙዎች ተለቅሞ ሲደባለቅ። ነገር ግን ዘር በኪሎ በሚገዛበት ጊዜ ለቃሚው ቅርንጫፉ ዝቅ ካለው፣ ብዙ ጊዜም ከጎባጣው ዛፍ ሥር ይለቅማል። ጉብጠቱ ከዘሩ ጋር ይሄዳል። ስህተቱ የሚታወቀው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ሦስተኛው በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ የመንጠልጠል አደጋ ነው። የአዊ ዞን ገበሬዎች፣ በተለይ የፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር በየማሳቸው ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አዳብለው፣ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰል አክስለው በመሸጥ ኑሯቸውን አሻሽለው ነበር። መሬቱም ከዛፉ በኋላ እየለማ ሄደ። ችግኝ ማፍላት በዚያ አካባቢ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ስንዴም አልተሰፈረላቸውም፤ ዛፉ የየራሳቸው ስለ ነበረ ጠበቁት። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ ገብቶ ብዙውን ማሳ አደረቀው። ዛፉ ሲታመም ከሰሉም፣ የችግኙም ገበያ አብሮ ታመመ። የባለቤትነት ጥያቄ ተመልሶ እንኳ፣ እንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት እንደማስቀመጥ ሁሉ፣ ኑሮን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መጣል አደጋ እንዳለው ይህ ያስረዳል።

አራተኛው የዋጋ ችግር ነው። አንድ የግል ችግኝ አፍዪ አፈር ከሩቅ አስመጥቶ፣ ፍግና አሸዋ ቀላቅሎ፣ ውኃ ገዝቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሳደገውን ችግኝ ሊሸጥ በወጣበት ሳምንት፣ ከአጠገቡ በነፃ የሚታደል ችግኝ ይደርሳል። ዕደላው በጎ ሐሳብ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በነፃ የተገኘ ችግኝ በቀላሉ ይጣላል፤ የሚሸጠውም ሰው በሚቀጥለው ዓመት መደቡን ጎመን ይዘራበታል። ለመንግሥት የሚያቀርቡትም ቢሆኑ፣ ክፍያው በየችግኙ ራስ ስለሆነ ሥሩ የተጠቀለለውና ግንዱ የቀጠነው ችግኝ ጠንካራው ከሚያወጣው ዋጋ እኩል ያወጣል። ጥሩ የሠራውና ያላግባብ የሠራው እኩል የሚከፈሉበት ገበያ ባለሙያን ያሰንፋል።

አምስተኛው የመናፈሻና የመንገድ ዳር ሥራ ችግር ነው። ተቋራጩ ሣሩን ዘርግቶ፣ ዛፉን ተክሎ የሚያስረክበው በምረቃው ዕለት ነው። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ክፍያው ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ሲበረታ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ አይጻፍም። ዛፉ በአስፋልትና በሲሚንቶ አንገቱን ታንቆ፣ ወይም ራሱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ተተክሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ይቆረጣል። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ደግሞ የራሳቸው የሆነ ቦታ ስለሌላቸው፣ «ተነሡ» የሚል ቃል እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚሠሩት። ነገ የት እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ደግሞ ዓመት የሚፈጅ ዝግባ ሊዘራ አይችልም።

እነዚህን አምስቱን ችግሮች ላስተዋለ፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው ያገኛቸዋል። ምንጩም ሥራው የሚቆጠረው በተተከለበት ቀን መሆኑ ነው። ትእዛዙ የሚዘገየው፣ ዘሩ የሚናቀው፣ ክፍያው በራስ የሚሆነው፣ ውኃ ማጠጣቱ የሚረሳው፣ መጨረሻው የተከላ ቀን ስለሆነ ነው። የእናቴ ከረጢት በተሞላበት ማታ ተቆጥሮ እንደ ተዘጋ ሁሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ሳልናገር ባልፍ እናንተን መውቀስ ይሆንብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ወረዳ በተደረገ የተከላ ዕለት ተገኝቼ ነበር። ዝናቡ መልካም ነበር፣ ሕዝቡም በደስታ ይሠራ ነበር። የተተከለውን ብዛት ከተሰጠኝ ወረቀት ላይ ገልብጬ ዜና ጻፍኩ፤ ዜናውም ወጣ። በሚቀጥለው ግንቦት ለሌላ ጉዳይ በዚያ መንገድ ሳልፍ መኪናውን አስቁሜ ወደ ተራራው ወጣሁ። ያየሁት ጉድጓዶችን ነበር። በአንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ችግኙ ከነፕላስቲክ ከረጢቱ እንደ ተተከለ ደርቆ ቆሟል፤ ከረጢቱን የቀደደለት ሰው አልነበረም። ከታች ካለው መንደር ያገኘኋቸው አንድ አባት «እኛማ ፍየሎቻችን የት ይሂዱ ብለን ብንጠይቅ መልስ አጣን» አሉኝ።

ከዚያ ተመልሼ ስለ ተራራው ሌላ ዜና አልጻፍኩም። ያልጻፍኩትም የሚከለክለኝ ሰው ስለ ነበረ አልነበረም። የደረቀ ችግኝ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ በቅጹ ላይ ስለሌለ፣ እኔም ቦታ ልፈጥርለት ስላልደፈርኩ ነው። የእናቴን ጥያቄ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼ እያለሁ፣ በደረሰኝ ጊዜ ግን ያደረግሁት ከረጢት ቆጣሪው የሚያደርገውን ነው። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ችግኝ የሚቆጠረው ሁለት በጋ ከተሻገረ በኋላ ይሁን። በተከላው ዕለት የሚመዘገበው የወጣውን ችግኝ ያሳያል፤ ውጤቱን የሚያሳየው ከሁለተኛው ግንቦት በኋላ በቦታው ቆሞ የተገኘው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። እኛም የማስታወቂያ ሠራተኞች ሁለተኛውን ቁጥር ሳንይዝ የመጀመሪያውን ለብቻው ከማውጣት እንቆጠብ።

ሁለተኛ፣ የችግኝ ትእዛዝ ከተከላው ክረምት በፊት ባለው መስከረም ላይ ይድረስ። ይህ ከሆነ አገር በቀል ዛፎች ጊዜያቸውን ያገኛሉ፤ ችግኝ አፍዪውም ዘሩን በወቅቱ ይለቅማል።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በደረጃ ይሁን። ሥሩ ያልተጠማዘዘ፣ ግንዱ የጠነከረ፣ ከመውጣቱ በፊት ጥላው ቀስ በቀስ ተነሥቶለት ፀሐይን የለመደ ችግኝ የተሻለ ዋጋ ያግኝ። ከክፍያውም የተወሰነው ክፍል ችግኙ ጸድቆ ሲገኝ የሚከፈል ይሁን። በመናፈሻ ሥራም እንዲሁ የእንክብካቤው ዓመት በውሉ ውስጥ ዋጋ ተቆርጦለት ይግባ።

አራተኛ፣ በነፃ የሚታደል ችግኝ ካለ፣ በአካባቢው ካሉት የግል ችግኝ አፍዪዎች ተገዝቶ ይታደል። በዚህ መንገድ ድኻው ችግኝ ያገኛል፣ ባለሙያውም ገበያውን አያጣም።

አምስተኛ፣ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚዛወር፣ በተለይም ከውጭ የሚገባ ችግኝ ሳይመረመር አይለፍ። በአንድ ቦታም ከአንድ ዓይነት በላይ ዛፍ ይተከል። የአሶሳ ማንጎና የአዊ ዲከረንስ ያስተማሩን በቂ ነው።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ ዛፍ ከመተከሉ በፊት የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይወሰን። ይህ በሠፈራ መንደርም፣ በተፈናቃዮች መልሶ ማቋቋሚያም፣ በተከለለ ተራራም እኩል የሚሠራ ነው። ፍየሎቹ የት እንደሚሄዱ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጥ አስቀድሞ ከመንደሩ ሰው ጋር ስምምነት ያልተደረሰበት ተራራ ላይ ችግኝ ማውጣት፣ ችግኙንም የሰውንም ድካም ማባከን ነው።

እነዚህ አሳቦች ሲፈጸሙ የሚዘገበው ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በየዓመቱ በዚያው ተራራ ላይ በዚያው ጉድጓድ እንደገና ከመትከል፣ ጥቂት ተክሎ ማጽደቅ ወጪው ያነሰ ነው። ድርቅ ሲመጣ ምንጭ የሚያቆመው፣ ከብት የሚያስጠልለውና ሠፋሪን ከቦታው የሚያጸናው በቦታው የቆመ ዛፍ ነው፤ በመዝገብ ላይ ያለ ዛፍ ለማንም ጥላ ሰጥቶ አያውቅም።

ንግግሬን የምዘጋው በእናቴ ነው። የነበረችበት የችግኝ ጣቢያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ተራራው ላይ የተተከለውም በ1983 ዓ.ም. ከሄደው ጋር ሄዷል። ነገር ግን አንድ ማታ ከቆጠራው በኋላ ግንዱ ጎብጧል ተብሎ የተጣለ የወይራ ችግኝ ተቆጣጣሪውን አስፈቅዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት አምጥታ ነበር። ከቤታችን በስተጓሮ ተከለችው። የልብስ እጣቢ እያጠጣች፣ በእሾህ አጥራ፣ ከፍየል ጠብቃ አሳደገችው። ዛሬ ያ ወይራ ጎባጣነቱ እንዳለ ሆኖ ከጣራው በላይ ሄዷል፤ የጎረቤት ሽማግሌዎችም ጉዳይ ሲኖራቸው ከሥሩ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ያ ዛፍ በማንም ሪፖርት ውስጥ አልገባም። እናቴ ግን ያፈላችው ችግኝ ወዴት እንደ ሄደ ቢያንስ ስለ አንዱ ታውቃለች።

የሙያው ሰዎች ሁላችሁ ስለምታፈሉት ችግኝ ይህን ያህል ለማወቅ የምትችሉበት ጊዜ እንዲመጣ፣ እኔም በበኩሌ የማየውን ሁሉ ለመጻፍ ቃል እገባለሁ።